ሳታገባ የወለደች ልጅና አቅም ያላቸው ወላጆቿ፦ የትኛው ድጋፍ ይሻላል?

አቅም ያላቸው ወላጆች፣ ገና ትምህርቷን ያልጨረሰች ወይም ሥራ በጀመረች በዓመቷ ያረገዘች ልጃቸው ሳታገባ መውለዷ ሲታወቅ፣ በቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው ወሬ ስለ ገንዘብ አይደለም። ማን ሰማ፣ ለዘመድ ምን ይባላል፣ ክርስትናው ወይም አቂቃው በይፋ ይደገስ ወይስ በዝግ ይለፍ የሚለው ይቀድማል። የገንዘቡ ጥያቄ የሚመጣው አራስነቱ አልቆ፣ ጠያቂ ሲቀንስና የገንፎው ድስት ሲሰቀል ነው፤ ያን ጊዜ ዳይፐሩ፣ ሞግዚቷ፣ ሕክምናውና የእናትየው የነገ ኑሮ በአንድ ላይ ይደቀናሉ። በዚያ ሰሞን በቁጣና በሐዘን መካከል የተወሰነው ነገር ደግሞ ለዓመታት የሚዘልቅ ልማድ ሆኖ ይቀራል።

በአዲስ አበባ በቤተሰብ ጉዳይ ለሽምግልና ተጠርቼ በተቀመጥኩባቸው ቤቶች «እንርዳት ወይስ አንርዳት» የሚለውን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ መልሱ ወይ ሙሉ እሺታ ወይ ሙሉ እምቢታ ይሆናል፤ ሁለቱም ልጅቷን በእግሯ አያቆሟትም። የሚጠቅመው፣ ድጋፉ በምን መልክ፣ ለምን ያህል ጊዜና ለማን ይሁን ብሎ መጠየቅ ነው። የራሴን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ለሕፃኑ የሚደረገው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ መደረግ አለበት፤ ለእናቱ የሚደረገው ደግሞ የራሷን እንጀራ እስክትጋግር ድረስ ጊዜና ሙያ የሚያስገኝላት እንጂ ታዛዥነቷን የሚገዛ መሆን የለበትም። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኳቸው በዚሁ ሚዛን ነው።

ሕጉ የት ላይ ይቆማል

ብዙ ወላጆች የሚሰጡትን ሁሉ እንደ ችሮታ ስለሚቆጥሩት አስቀድሞ ሕጉን ማየት ይበጃል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብ የመስጠት ግዴታ በወላጅና በልጅ መካከል ብቻ የሚቀር ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠር የሥጋ ዝምድና እንደሚዘልቅ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅም በዚህ ግዴታ ይተሳሰራሉ። ቀለብ ሲባል ምግብ ብቻ ሳይሆን መጠለያን፣ ልብስን፣ ጤናንና ትምህርትንም ይጨምራል፤ ልኩ የሚወሰነውም በጠያቂው ችግርና በሰጪው አቅም ነው። ሕጉ አንድ መለኪያ አክሏል፦ ቀለብ የሚጠይቀው ሰው የተቸገረና ሠርቶ ራሱን ማስተዳደር የማይችል መሆን አለበት። ይህ መለኪያ የሦስት ወር ሕፃንንና የሃያ ሦስት ዓመት ጤነኛ ሴትን ለያይቶ ያያቸዋል፤ ወላጆችም እንዲሁ ለያይተው ቢያዩአቸው ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀልላል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ በክልል የምትኖሩ የራሳችሁን ማየት ይኖርባችኋል።

ይህን የምጠቅሰው ልጅ ወላጆቿን ፍርድ ቤት እንድታቆም ለመምከር አይደለም። አባት ለልጅ ልጁ ወተት ሲገዛ ውለታ እየዋለ እንዳልሆነ ከተረዳ፣ ገንዘቡን የሚያወጣበት ፊት ይለወጣል፤ ያ ፊት ደግሞ ከገንዘቡ መጠን ባልተናነሰ ለልጅቷ ዋጋ አለው።

ምንም አለመስጠት

«የወለደችውን ታሳድግ»፣ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚሉ ወላጆች ሁሉ ጨካኞች አይደሉም። ብዙዎቹ ከረዳናት ትደግመዋለች፣ ታናናሾቿም ይማሩበታል ብለው ይሰጋሉ፤ አንዳንዱ አባት ደግሞ የተሰበረ ልቡን የሚያሳይበት ሌላ መንገድ ስለጠፋው ገንዘቡን ይከለክላል። ሆኖም የክልከላው ዱላ በማን ላይ እንደሚያርፍ ማየት ያስፈልጋል። በችግር ያደገች ልጅ ቢያንስ ጎረቤት ታውቃለች፣ ዕቁብ ትገባለች፣ ዘይትና ሽሮ በዱቤ የምታመጣበት ሱቅ አላት። የግቢ በር ተዘግቶላት፣ በመኪና ትምህርት ቤት እየተመላለሰች ያደገች ልጅ ግን ከእነዚህ አንዱም የላትም፤ ከቤት ስትወጣ የምትጠጋው ወይ ያስረገዛትን ሰው፣ ወይ ቤት የሚከራይላትን ሌላ ወንድ፣ ወይም ልጇን ለሰው አስጥሎ ወደ ዓረብ አገር የሚወስዳትን ደላላ ነው። ሁለተኛውን ስሕተት የሚወልደው ብዙ ጊዜ ይህ መጠጊያ ማጣት እንጂ የተደረገላት እርዳታ አይደለም።

ጥሬ ገንዘብ መከልከል ተገቢ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ብሩ በሚደበድባት ሰው እጅ ወይም ለሱስ የሚውል ከሆነ። ያን ጊዜም ቢሆን የሚቆመው በእጅ የሚሰጠው ብር ብቻ ነው፤ ወተቱ፣ ኪራዩና ሕክምናው በቀጥታ እየተከፈለ ይቀጥላል።

በወላጆች ቤት ማኖር

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከዚህ የሚሻል አማራጭ የለም። እናት ልጇን ስታርስ የምትሰጣትን ነገር በተቀጠረ ሰው መተካት አይቻልም፤ ሕፃኑ እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ክትባቱ እንዳይዘለል የሚያደርገውም ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ጎልማሳ ነው። እግረ መንገዴን ላስታውስና፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎትና የሕፃናት ክትባት በነጻ ይሰጣል፤ የግል ክሊኒክ ብቻ ለክብራችን ይመጥናል ብለው ወጪውን ከሚያበዙ፣ ያንኑ ገንዘብ ለልጅቷ ትምህርት ቢያቆዩት የሚሻላቸው ቤተሰቦች አውቃለሁ።

አደጋው የሚጀምረው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እናትየው ቀስ በቀስ ወደ ልጅነቷ ትመለሳለች፤ መግቢያ ሰዓቷ ይቆጠራል፣ የልጇን ምግብና ልብስ የምትመርጠው አያት ትሆናለች። በአንድ ቤት የተቀመጥን ዕለት የሁለት ዓመት ከመንፈቁ ልጅ በረንዳው ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። እናቱ ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች፤ ወዲያው ተንበርክካ እጇን ዘረጋችለት። ልጁ ግን «እማዬ!» እያለ በአጠገቧ አልፎ ሳሎን ወደ ተቀመጠችው አያቱ ሮጠ። እናትየው የተዘረጋ እጇን መልሳ ቀሚሷን ከአቧራ እንደምታራግፍ ሰው አደረገች። ማንም ምንም አልተናገረም፤ አያቲቱ ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «ቤት እንፈልግላት» አለች።

«አያት ያሳደገው» የሚባለው ስለ ልጁ መሞላቀቅ ብቻ ነው ብለን እናስባለን፤ እኔ እንዳየሁት ከልጁ ይልቅ የምትጎዳው እናትነቷን ሳትለማመድ የቀረችው ወጣት ናት። ስለዚህ ይህን አማራጭ የምትመርጡ ከሆነ ጊዜውን ከመጀመሪያው ወስኑት፤ ለእኔ አንድ ዓመት በቂ ነው። ግቢው ሰፊ ከሆነ ሰርቪስ ክፍሎቹን አድሳችሁ፣ የራሷ ምድጃና የራሷ ቁልፍ ያላት ቤት አድርጋችሁ ብትሰጧት ከዋናው ቤት ውስጥ ክፍል ከመስጠት በእጅጉ ይሻላል፤ ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ የምትነሣው እሷ ትሆናለችና።

በየወሩ ብር መቁረጥ

አብዛኛው ባለ አቅም ቤተሰብ የሚመርጠው ይህንን ነው፤ ቀላል ነው፣ ግልጽም ይመስላል። ችግሩ ያለው በአሰጣጡ ላይ ነው። አንድ አባት በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ብሩን በሳሎን ጠረጴዛ ላይ እየቆጠረ ለልጁ ይሰጥ ነበር። እሷ ሕፃኗን አዝላ ቆማ ትጠብቃለች፤ እሱ ባለ ሁለት መቶ ብሮቹን አሥር አሥር አድርጎ ይደረድራል፤ ከመስጠቱ በፊት «ያለፈው ወር ምን ላይ ዋለ?» ይላል፤ እንግዳ ቢኖርም ይጠይቃል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ንግዱንም የሚመራው በዚሁ ጠባይ ነበር። ልጅቷ ግን «ብሩን እፈልገዋለሁ፣ ቅዳሜን ግን እፈራዋለሁ» አለችኝ። ይህ እርዳታ ሆዷን ሲሞላ አንገቷን ደፍቶታል፤ በዓመቱም ብሩን ለመሸሽ ስትል ለማትፈልገው ሰው «እሺ» ለማለት ተቃርባ ነበር።

በየወሩ የምትቆርጡላት ከሆነ ገንዘቡ በታወቀ ቀን ወደ ራሷ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ሂሳብ ማስተካከያውም በየወሩ ሳይሆን በዓመት አንዴ ተቀምጦ ይታይ። ከሁሉ በላይ ግን የልጁና የእናቱ ድርሻ ተለይቶ ይጻፍ። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ቤተሰብ በወር 30,000 ብር ለመስጠት ቢወስን፣ 10,000ው የሕፃኑ፣ 20,000ው የእናቱ ይሁን፤ የእናቱ ድርሻ በሁለተኛው ዓመት ወደ 13,000፣ በሦስተኛው ወደ 6,000 ዝቅ ይበል፤ የሕፃኑ ግን አይነካ፤ ገበያው ሲወደድ እንዲያውም ይጨመርበት። ቁጥሩን እንደየአቅማችሁ ቀይሩት፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው፤ እየቀነሰ እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ያወቀችው ድጋፍ ለሥራ ያነሣሣታል፣ ድንገት የሚቋረጥ ድጋፍ ግን ያስደነግጣታል።

ወላጆች በሜሪላንድ ወይም በዱባይ፣ ልጅቷ በአዲስ አበባ በሆነችበት ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ገንዘቡ በአጎት ወይም በአክስት በኩል ሲያልፍ አስተላላፊው ሳይወድ በግዱ ተቆጣጣሪ ይሆናል፤ የሚደርሳትም ዘግይቶና ተሸራርፎ ነው። በባንክ በስሟ መላክ ዘመዱንም ከሐሜት ያድነዋል።

ወጪዎችን በቀጥታ መክፈል

ኪራዩን ለአከራዩ፣ ደመወዙን ለሞግዚቷ፣ ክፍያውን ለትምህርት ቤቱ መክፈል፣ ገንዘቡ ለታሰበለት ነገር መዋሉን ያረጋግጣል። በተለይ ቤት ኪራይ ላይ ይህን እደግፋለሁ፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስና ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ ውሉ በሷ ስም ሆኖ በሕጋዊ መንገድ ከተመዘገበ ልጅቷ ሁለት ዓመት ያለ ስጋት ትቀመጣለች። ውሉ በአባት ስም ከሆነ ግን ቤቱ የአባት ቤት ቅጥያ ነው፤ አኩርፎ የሚያስለቅቃት ቀን ይመጣል።

ድክመቱ ይኸው ነው፤ ሁሉ ነገር በቀጥታ ሲከፈልላት ልጅቷ ብር ይዛ ማብቃቃትን አትለምድም። ለሞዴስና ለታክሲ እጇን የምትዘረጋ እናት ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ትልልቆቹን ወጪዎች በቀጥታ ከፍሎ የዕለት ወጪውን በወር በሒሳቧ ማስገባት፣ ሁለቱን አማራጮች ያስታርቃቸዋል።

ትምህርቷን ማስጨረስ ወይም ሥራ ማስጀመር

ከሁሉ ይልቅ የማምነው በዚህ ነው፤ ወጪው መጨረሻ አለው፣ ፍሬው ግን የእሷ ሆኖ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ያለች ከሆነ ዝም ብላ ከመጥፋት ይልቅ በደንቡ መሠረት ዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ፣ ሞልታ ብትወጣ በኋላ የመመለሻ በር ይቆያታል፤ ይህን ወረቀት ሳትሞላ በሐፍረት ቀርታ፣ የሦስት ዓመት ትምህርቷ በከንቱ የቀረባትን ልጅ አውቃለሁ፤ ሊሞላላት የሚችል ወንድም እያላት ማንም አላሰበውም። ከመደበኛው ይልቅ በማታ መቀጠል የሚቀልላት ከሆነም ክፍያው ሊያስጨንቅ አይገባም፤ የሚያስጨንቀው የማታውን ሦስት ሰዓት ልጁን ማን ይይዛል የሚለው ነው። የአያት ትልቁ ስጦታ ያ ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ለማታ ትምህርቷ ከፍለው ልጇን ለመያዝ ግን «እኛ አንዴ አሳድገናል» ያሉ ወላጆች ገንዘባቸው መና ሲቀር አይቻለሁ።

ሥራ ያላት ከሆነ ደግሞ ከሥራዋ እንዳትወጣ መርዳት ይቀድማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፤ ሕጉ አግብተሻል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ከ90ው ቀን በኋላ ያለው ዓመት ነው ብዙዎችን ሥራ የሚያስለቅቀው፤ የሞግዚቷ ደመወዝ የእናትየውን ደመወዝ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሲወስድ «ምን ልሠራ እሄዳለሁ» ትላለች። ወላጆች ያንን አንድ ዓመት የሞግዚቷን ወጪ ቢሸፍኑ፣ ልጃቸው የሥራ ልምዷ ሳይቋረጥ የልጇ ወጪ ወደሚቀልልበት ጊዜ ትሻገራለች። በሚሰጠው ገንዘብ ልክ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ድጋፍ አላውቅም።

ሱቅ ወይም የውበት ሳሎን እንክፈትላት የሚሉ ወላጆች ንግድ ፈቃዱና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በማን ስም እንደሚወጣ አስቀድመው ይወስኑ። በአባቷ ስም በተከፈተ ሱቅ የምትቀመጥ ልጅ ደመወዝ የሌላት ሻጭ ናት። ደግሞም ለንግድ ፍላጎት የሌላትን ልጅ «ሥራ ትያዝ» ብሎ ብቻ ሱቅ ውስጥ ማስቀመጥ ካፒታሉንም እሷንም ያከስራል።

ብድርና ቤት

ስለ ብድር ብዙ የምለው የለኝም። በቤተሰብ መካከል ብድር የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ስሙን የለወጠ ስጦታ ወይም ስሙን የለወጠ ቂም ነው። ለሥራ ማስጀመሪያ ከሆነና ልጅቷም ራሷ ብድር ይሁንልኝ ብላ ከመረጠች ግን ክብሯን ስለሚጠብቅላት እደግፈዋለሁ፤ በጽሑፍ ይሁን፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ያለ ጽሑፍ፣ ያለ እምነት ቃል ወይም ያለ መሐላ ሊረጋገጥ እንደማይችል ደንግጓልና።

ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ ቤት መስጠት ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት አይቸኮልበት። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በዚሁ ሕግ መሠረት በግልጽ እንደሚደረግ ኑዛዜ፣ ማለትም በጽሑፍ ሆኖ በምስክሮች ፊት እንደሚነበብ ኑዛዜ፣ ባለ ሥርዓት ካልተደረገ አይጸናም፤ «ቤቱ ያንቺ ነው» የሚለው የቃል ተስፋ ውልና ማስረጃ ዘንድ ካልደረሰ ነገ በወንድሞቿ ፊት ዋጋ የለውም። ወንድምና እኅት ካላት አስቀድመው ይንገሯቸው። ሳታገባ ለወለደችው ቤት ተሰጣት፣ በወጉ ለተዳረችው ሠርግ ብቻ ተደገሰላት የሚል ቅሬታ ወላጅ ካለፈ በኋላ ቤተሰብ ሲበትን አይቻለሁ።

ልጁን ወስዶ እሷን ማራቅ

ይህን አማራጭ በዝርዝር ማየት አለብኝ፤ ገንዘብ ያላቸው ብቻ ሊያደርጉት የሚችሉት፣ በጓዳ የሚደረግ፣ ከውጭ ሲታይም ደግነት የሚመስል ስለሆነ ነው። አያቶች ሕፃኑን እንደ ራሳቸው ልጅ ያሳድጋሉ፤ እናቱን ለትምህርት ወደ ውጭ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ይልካሉ፤ ልጁም እናቱን በስሟ እየጠራ እኅቱ መስላው ያድጋል። ወጪው ሁሉ ይሸፈናል፣ ሐሜቱ ይቆማል፣ ልጅቷም «ሕይወቷን እንደ አዲስ ትጀምራለች» ይባላል።

አያቶች ለተወሰነ ጊዜ ልጁን ይዘው እናቱ ትምህርቷን እንድትጨርስ ማድረግ በራሱ ክፋት የለውም፤ ለብዙዎችም በጎ ሆኗል። ልጁ ግን እናቱ ማን እንደሆነች ማወቅ አለበት። ሕገ መንግሥቱ በዚያው አንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ ይህ ምሥጢር ተጠብቆ እንደማይኖር እናውቃለን። የቤት ሠራተኛ ታውቃለች፣ ጎረቤት ያውቃል፣ የአክስት ልጅ በጨዋታ መሐል ይናገረዋል። ልጁ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው የሚያጣው እናቱን ብቻ አይደለም፤ አያቶቹንም ያጣቸዋል፣ ሁሉም ሲዋሹት ነበሩና። ስለዚህ እናትየው የምትርቅ ከሆነ በየሳምንቱ ልጇን በስልክ ታናግረው፣ «እማዬ» የሚለው ስም ለእሷ ይቆይላት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱም በትክክለኛ እናቱ ስም ይውጣ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ በዚያ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ሐሰት ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል።

አባትየውን በተመለከተ

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ አባትየው ከሒሳቡ እንዳይወጣ አጥብቄ እመክራለሁ። «የሱ ሳንቲም አያስፈልገንም» የሚለው የባለጸጋ ኩራት ለወላጆች ክብር ይመስላል፤ የሚተዉት ግን የራሳቸውን ሳይሆን የልጁን ነው። አባትየው በፈቃዱ ልጁን ከተቀበለ ይህን በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ ማድረግ ይችላል። እምቢ ካለ ሕጉ አባትነት በፍርድ እንዲታወቅ መንገድ ከፍቷል፤ አባትነቱን የሚያመለክቱ ደብዳቤዎችና ጽሑፎች፣ በጋብቻ ተስፋ ማሳሳቱ፣ ልጁን እንደ አባት መንከባከቡ ከሚታዩት ነገሮች ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የስልክ መልእክቶችንና የገንዘብ መላኪያ ማስረጃዎችን በንዴት አታጥፉ። ጉዳዩ በአዲስ አበባ የሚታየው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሽማግሌ ወደ ሰውየው ወላጆች መላክ ይቻላል፤ አንዳንዴ ነገሩን ገና የሰሙት እነሱ ናቸው፣ የልጅ ልጃቸውንም ሊያዩ ይጓጓሉ።

እርግዝናው በመደፈር የመጣ ከሆነ ወይም ሰውየው እጁን የሚያነሣ ከሆነ ይህ ሁሉ ምክር ይቀራል። ያን ጊዜ ከገንዘቡ በፊት የሚቀድመው የልጅቷ ደኅንነትና ፍትሕ ነው፤ ሽማግሌም የሚላክበት ጉዳይ አይደለም።

ምን ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይቻላል

ወላጆች ገንዘብ ሲሰጡ አንድም ቃል አይናገሩ ማለት አግባብ አይደለም። የትምህርት ክፍያ የሚከፍል ወላጅ ውጤት ልይ ቢል መብቱ ነው፤ ሱቅ የከፈተላትም የዓመት ሒሳቡን ቢጠይቅ እንዲሁ። ድንበሩ የሚታለፈው የሕፃኑ ወተት ከእናቱ ጠባይ ጋር ሲታሰር ነው። «እገሌን ካላገባሽ»፣ «ቤተ ክርስቲያን ካልሄድሽ»፣ «ዘመድ ቤት ከታየሽ» እየተባለ የሚቆረጥና የሚቀጠል ቀለብ ልጅቷን መዋሸት ያስተምራታል። በሚዋሽ ሰው ላይ ደግሞ ቁጥጥር ይጠብቃል፣ ውሸቱም ይበዛል፤ ቤቱ በዚህ አዙሪት ሲያልቅ አይቻለሁ።

ስምምነቱ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ለሕፃኑ ምን፣ ለእናቱ ምን፣ እስከ መቼ፣ ከአባትየው የሚገኘው ሲጨመር ምን ይቀነሳል፣ ዳግም የምንቀመጥበት ቀን መቼ ነው የሚለው ይስፈርበት። ልጅቷ ራሷ ትጻፈው፤ አባቷ ሲናገር እሷ የምትፈርምበት ወረቀት የአሠሪ ወረቀት ይመስላል። የምትጠይቀው መጠን ከበዛባቸው ወላጆች ይቀንሱ፤ መጀመሪያ ግን የሚያስፈልጋትን በራሷ እጅ አስልታ ታቅርብ። አንዲት ልጅ ለሽምግልናው ይዛው የመጣችው የደብተር ገጽ ከወላጆቿ ግምት በሲሶ ያነሰ ነበር፤ ዳይፐሩን ቀን በጨርቅ፣ ሌሊት ብቻ በተገዛው አድርጋ አስልታው ነበርና። አባቷ ገጹን ሁለቴ አነበበው፤ ከዚያ ወዲህ የሒሳብ ጥያቄ አልጠየቃትም።

በመጨረሻ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር፦ ልጅቷ ነገ ብታገባስ? ወላጆች ከጋብቻ በፊትም ሆነ በኋላ ለእሷ በስጦታ የሰጧት ቤት በቤተሰብ ሕጉ የግል ንብረቷ ሆኖ ይቆያል፤ ከቤቱ የሚገኘው ኪራይ ግን በጋብቻ ውስጥ የጋራ ይሆናል። ለእሷ ይቆረጥ የነበረው በትዳር መባቻ ቢቆም ተገቢ ነው። ለልጁ የሚቆረጠው ግን በሠርጉ ማግስት አይቁም፤ አዲሱ ባል ደግ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ የእንጀራ ልጁን እየመገበ የመጀመሪያውን ዓመት እንዲያሳልፍ ከማድረግ ይልቅ፣ ልጁ የራሱን ድርሻ ይዞ ወደ አዲሱ ቤት ቢገባ ለሁሉም ይቀልላል። በስምምነቱ ገጽ ላይ ይህ አንድ መስመር ከመጀመሪያው ይጻፍ።